ዝግ ሳጥን

ከለቀስተኞቹ ሦስቱ የተቀመጡት የመኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበር።

ወንበር አንሶ ነው። ከጎረቤት የተሰበሰበው ሁሉ ሞልቶ ሰው መቆም ሲጀምር፣ አንዱ ቀልጣፋ ከጓሮ ካለው ወርክሾፕ ገብቶ ያንን ረጅም ቡናማ ወንበር ተሸክሞ አመጣና ከግድግዳው ሥር አጋደመው። እግር የለውም፤ ከመሬት ከፍ የሚለው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የተቀመጠበት ሁሉ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። ሦስት የተከበሩ ጎልማሶች እንደዚያ ተጣጥፈው፣ የሻይ ብርጭቆ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ስለ ሟች ደግነት በሹክሹክታ ያወራሉ።

ልብስ ሰፊዋ ከጥጓ ሆና ታያቸዋለች። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሰው ይገባል፣ “እግዜር ያጥናሽ” ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል። ፊቱ ሁሉ ተቀላቅሎባታል። አንድ ሰው ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ታያት። ስልሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራቫቱን ጥብቅ አድርጓል። እሷን አያይም፤ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የባሏን ፎቶግራፍም አያይም። የሚያየው ወንበሩን ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቁነጠነጥ እሱም አብሮ ይቁነጠነጣል።

“እኚህ ሰው ማናቸው?” አለቻት የሟች ታላቅ እህት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ።

“አላወቅኋቸውም፣ እታለም።”

“ትናንትም ነበሩ። ከቀብሩ ጀምሮ አልተለዩንም። እንዲህ አንጀቱ የበገነ ሰው የወንድሜ የልብ ወዳጅ ቢሆን ነው እንጂ።”

እታለም ለቅሶ ቤቱን የያዘችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሳያለቅስ በላ፣ ሁሉንም ታውቃለች። በዚህች ሰዓት ከሦስቱ ጎልማሶች የአንዱ ብርጭቆ ተንሸራቶ ሻዩ ወንበሩ ላይ ተደፋ። ባለ ክራቫቱ ሰውዬ ከመቀመጫው ዘለል ብሎ መሐረቡን አወጣ፤ በርከክ ብሎም የወንበሩን ልብስ በጥንቃቄ ይጠርግ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው።

“ትሕትናቸውን ተመልከቺ፤” አለች እታለም እንባዋን እየጠረገች።

ሟችን ሰፈሩ የሚያውቀው “ጋሽ ድምድም” በሚለው ስም ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት መኪና ውስጥ ድምፅ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው፦ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰብዉፈር፣ ያ ከሆድ የሚመጣውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር። እሱና ደንበኞቹ በአጭሩ ዉፈር ይሉታል። የጎረቤት ብርጭቆ ከመደርደሪያው ላይ በጨፈረ ቁጥር “ዛሬ ደግሞ የማንን መኪና አጋባ?” ይባላል። የሰፈሩ ሰው እንደዚያ እየቀለደ ቢኖርም፣ ጋሽ ድምድም ጩኸት የሚጠላ ሰው መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ጎረምሶች መጥተው “ጋሼ፣ መስታወቱን የሚያረግፍ” ሲሉት፣ “መስታወት ለማርገፍ ድንጋይ ይበቃሃል፤ እኔ ጋ ምን አመጣህ?” ይላቸዋል።

ባለፈው ሐሙስ ምሳውን በልቶ “ትንሽ ጋደም ልበል” አለ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ “ሻይህስ?” ብላ ጠየቀችው። መልስ አልሰጣትም። መልስ አለመስጠቱ አላስደነገጣትም፤ ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጥም ነበር። ሻዩን አፍልታ ስትወስድለት ግን ያኛው ዝምታ ሌላ ዝምታ መሆኑን አወቀች።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቀስተኛው “ምን ሆኖ ነው?” ሲላት “ልቡ ነው” ትላለች፤ እውነትም ልቡ ነው። ስለ ጆሮው መድከም ግን ከእሷ ሌላ በቅርብ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ አሁን ከበሩ አጠገብ፣ እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ስሙ ቀጮ ነው። ጋሽ ድምድም ነው ያወጣለት፤ ያኔ እውነትም ሸንበቆ ነበር። አሁን በር የሚሞላ ሰው ሆኗል፤ ስሙ ግን አብሮት አልወፈረም። አሥራ አንድ ዓመት ከባሏ ጎን ሠርቷል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ፣ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይንጫጫል፤ አይሰሙትም? ጆሮዎት አልቋል” አለው። ጋሽ ድምድም አልተቆጣም። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባና ውሃ ጠጣ፤ ከዚያ ደግሞ ጠጣ። በማግስቱ ቀጮ አልመጣም። ወር ሳይሞላው ከዋናው መንገድ ዳር መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ከፈተ ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳችው። ዋሽቶ ቢሆን ይቅር ትለው ነበር። ያልማረችው እውነቱን ስለተናገረ ነው።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ። ባለ ክራቫቱ ሰውዬ እንደ ወትሮው መጥቶ ከወንበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ከፔርሙዝ ቡና ቀድታ ራሷ አቀረበችለትና ጎኑ ተቀመጠች።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብዙ ደከሙልን። ባለቤቴን ከየት ነው የሚያውቁት?”

ሰውዬው ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ። “እውነቱን ልንገርዎት፣ እህቴ። ያየኋቸው ሦስት ጊዜ ነው። አራተኛው ቀብራቸው ነው።”

“ሦስት ጊዜ?”

“ሦስት ጊዜ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ይሄ ወንበር የኔ ነው።”

አልገባትም።

“ወንበሩ የመኪናዬ ነው። መኪናዬ ጓሮ ናት። በሮቿ ተገፍፈው፣ ሆዷ ተከፍቶ ነው ያየኋት። ማክሰኞ ላነሳት ቀጠሮ ነበረን። መሞታቸውን ስሰማ ልቅበር ብዬ መጣሁ፤ ከዚያ ‘መኪናዬስ?’ ማለት አፈርኩ። ነገ እላለሁ ስል፣ ነገም ሰው ያለቅሳል።”

ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብስ ሰፊዋ ሆድ የሳቅ ዓይነት ነገር ተነሳ። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እታለም ከወዲያ ጥግ አይታ፣ “አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣ አልቅሺ” አለቻት። ያኔ ባሰባት። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቡናውን እያየ ጠበቃት።

“ባለ መኪናዎችን አላያቸውም፤” አለች ሲለቃት። “እኔ የምጠራው ሥራው ሲያልቅ ነው። ከምኑ ላይ ደርሶ ነበር?”

“እሱን አላውቅም። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ፋይል ሳወጣና ፋይል ስመልስ ነው የኖርኩት። ስለ ሽቦ የማውቀው የለም።”

“እንግዲያ ዉፈር ምን ያደርግልዎታል? ልጅ አዝዞዎት ነው?”

የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ከኮቱ ውስጥ ኪስ አንድ ካሴት አወጣ። ሽፋኑ በዕድሜ ወይቦ የተጻፈበት ስም አይነበብም።

“ልጆቼ ይስቁብኛል። በዚህ ዕድሜ፣ በዚያች አሮጌ መኪና! ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሙዚቀኛ ነበርኩ። አራት ነበርን። ካሴቱ ላይ ግን ሦስት ነን።”

“አንዱ የት ሄደ?”

“አንዱ እኔ ነኝ። ቤዝ ጊታር ነበርኩ። ዘፋኙ ይሰማል፣ ጊታሩ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል። የኔን ድምፅ የቤታችን ቴፕ አያወጣውም፤ የመኪናውም አያወጣውም። ለሚስቴ ‘ይሄ እኔ ነኝ’ ስላት ‘የቱ?’ አለችኝ። ልጆቼም ሲያድጉ ‘የቱ ነው አባዬ?’ ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ‘የቱ?’ ስባል ኖርኩ። ሦስቱ ጓደኞቼ አርፈዋል፤ መስካሪ እንኳን የለኝም። ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ፣ አንድ ጊዜ ልስማው አልኩ።”

ልብስ ሰፊዋ ካሴቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

“ለእሱ ነግረውታል?”

“ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ ይግቡልኝ ብዬ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ መኪና ላይ አይቼ። እሳቸው መኪናዋን ዞሩ፣ ጣሪያዋን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሞተሯን ከፍተው አዩ። ከዚያ ‘መኪናህ ሽማግሌ ናት፤ ሽማግሌ ላይ ጎረምሳ አይጫንም’ አሉኝ። ‘ዲናሞዋ ትንሽ ነው። ሁለት ትልልቅ ብሰካልህ፣ ድም ባለ ቁጥር የፊት መብራትህ ይጠቅስሃል። ቆርቆሮዋም ስስ ነው፤ ዘፈኑን ትተህ የመኪናህን ማቃሰት ነው የምትሰማው። አንድ ይበቃሃል። አሥር ኢንች። በዝግ ሳጥን።’ ለምን ዝግ አልኳቸው።”

“ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይጮኻል፤” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“ዝግ ሳጥን ይናገራል፤” አለ ሰውዬው ተቀብሎ። “አዎ፣ እንደዚያ አሉኝ። ከዚያ ‘አንተ የምትፈልገው ጩኸት ነው ወይስ ሰው?’ ብለው ጠየቁኝ። ሰው ነው የምፈልገው አልኳቸው።”

ያ ሁሉ ለቀስተኛ ስለ ባሏ ያወራው ደግነቱን፣ ታታሪነቱን፣ ሰው ማክበሩን ነበር፤ ስለ ማንም ሟች የሚባለውን። ይህ ሦስት ጊዜ ያየው ሰው ግን ባሏን እንዳለ ይዞላት መጣ፤ ጣሪያ ሲያንኳኳ፣ ሲኮሳተር፣ ሰው ሲጠይቅ። ስኒውን ከእጁ ተቀብላ ተነሳች።

“መኪናዎት ይሠራል፤” አለችው።

እንዴት እንደሚሠራ ግን አታውቅም ነበር።

አራተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛ ከመምጣቱ በፊት፣ የወርክሾፑን በር ከፈተች። ከሐሙስ ወዲህ ወደዚያ አልዞረችም። የሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ ተቀበላት። አመድማ ቀለም ያላት አሮጌ መኪና መሃል ላይ ቆማለች፤ የበሮቿ ታፒሴሪያ፣ የውስጥ ልባሳቸው፣ ወልቆ ብረቷ ይታያል፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ንዝረት የሚገድል ጥቁር የሬንጅ ምንጣፍ ተለጥፏል። ከሞተሩ ጀምሮ ወፍራም ቀይ ኬብል ወለሉን ይዞ እስከ ኋላ ኮፈኑ ድረስ ተዘርግቷል። ኮፈኑ ውስጥ ሳጥኑ አለ። ያለበሰችው እሷ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ግራጫ ጨርቅ፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ። ያኔ የማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የምትጠይቀው ልኩን ብቻ ነው።

እሷ ድምፅ ማዳመጥ የጀመረችው እንዲህ ነበር። ቀጮ በሄደ በሳምንቱ ባሏ ከጓሮ ጠራት። “ነይ እስቲ፣ እዚህ ግቢ። ዓይንሽን ጨፍኚ። የሴት ጆሮ ቀጭን ነው ይባላል፤ ምን ይልሻል?” አለ። እየቀለደ ነበር፤ እጁ ግን የመኪናውን ጣሪያ ጥብቅ አድርጎ ይዟል። እሷ የድምፅ ቋንቋ አታውቅም፤ የምታውቀው የስፌት ቋንቋ ነው። “ሰፍቷል” አለችው። “ወገቡ ጋ ይያዝ።” ባሏ ለአፍታ አሰበና ሄዶ አንዱን ቁልፍ አዞረ። “አሁንስ?” “አሁን ልክ ነው፤ ጠርዙ ጋ ግን ይተረተራል።” ፈልጎ የላላ ብሎን አገኘ። እንዲያ ሆነው ስድስት ዓመት ሠሩ። ጠበበ፣ ሰፋ፣ ተሸበሸበ፣ ተተረተረ። ደንበኛው “ጋሽ ድምድም ጆሮው የተባረከ ነው” ይላል። ባልና ሚስት ስለ ነገሩ አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። አንድ ጊዜ የጆሮ ሐኪም ካርድ ምሳው አጠገብ አስቀመጠችለት፤ እሱ ግን ሙጫ ጠረገበት። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችም። እሱ እንዳይታወቅበት የሚፈልገውን እሷ እንዳላየች ሆና ኖረች። አንዳንድ ሌሊት እያለቀሰችም “የሴት ጆሮ የሚለውን ቀልዱን የማምነው መስሎት ይሆን?” ትል ነበር።

በፊት መስታወቱ ላይ አንድ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ጽሕፈቱ የባሏ ነው፣ በእርሳስ። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ ይቀመጥ ይላል። የምድር ሽቦው ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰር ይላል። የድሮው ቴፕ አይነካ፣ ሰውየው ካሴት ነው ያለው፣ ይላል። አብዛኛው ተሰርዟል፤ የሠራውን እየሰረዘ ነው የሚሄደው። ያልተሰረዙት ሦስት መስመሮች ናቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ “ማስተካከያው፦ እሷን ጠይቅ።”

ደጋግማ አነበበችው። ለራሱ ነው የጻፈው፤ እንዳይረሳ፣ ለብቻው ሞክሮ እንዳይሳሳት። ቀልድ የለበትም። ስለ ሴት ጆሮ የሚል ነገር የለበትም።

ወደ ቤት ተመለሰች። ቀጮ እንደ ሰሞኑ ማልዶ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል።

“አንተ፣” አለችው፣ “ና እስቲ።”

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩ። ቀጮ ተከትሏት ወጣ። ወረቀቱን አሳየችው። አነበበ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰ።

“አውቅ ነበር፣ እትዬ፤” አለ።

“ምኑን?”

“እሳቸው የሠሯቸው መኪናዎች ለሌላ ነገር እኔ ጋ ይመጣሉ። ከፍቼ እሰማቸዋለሁ። ልክ ናቸው። እኔ ከሄድኩ በኋላ እንዲያውም ተሻሉ። ያ ጆሮ የጋሼ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም።”

“ለሰው ተናገርክ?”

“አንድ ጊዜ ተናግሬ ያደረግሁት ይበቃኛል።” ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። “በደንበኛ ፊት መሆን አልነበረበትም።”

“አልነበረበትም፤” አለች።

ለስድስት ዓመት ኩርፊያ ይኼ ብቻ ነበር የተባለው። ቀጮ ኮቱን አወለቀና ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን አስገባ። ብዙ አልቀረም፤ አምፕሊፋየሩን ማሰርና ሽቦ ማገናኘት ነው። “ወደ ሱቄ ልውሰደው፤ ሁሉም መሣሪያ እዚያ አለ” አላት። “እዚሁ ይጨረስ” አለችው።

እታለም ይህን ስትሰማ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። “ለቅሶ ቤት ሙዚቃ ሊከፈት? ሳምንት እንኳን ሳይሞላው? ሰው ምን ይላል?”

“ሙዚቃ አይደለም፣ እታለም። ሥራ ነው። የጀመረው ሥራ።”

“ሌላ ሰው ይጨርሰዋ።”

“ሌላ ሰው ጋ ከሄደ፣ ሳጥኑን ይከፍቱታል፣ ያወጡታል፣ ‘ማነው እንዲህ ያበላሸው?’ ይላሉ። ሠሪ ሁሉ ከእሱ በፊት ስለነበረው እንደዚያ ነው የሚለው። የመጨረሻ ሥራው እንደዚያ እንዲባል አልፈልግም።”

እታለም አኩርፋ አደረች። በማግስቱ ጠዋት ግን ልብስ ሰፊዋ ወደ ጓሮ ስትሄድ፣ እታለም ከውጭው በር ቆማ ለሚገባው ሁሉ ስታስረዳ ሰማቻት፤ “ከጓሮ ድምፅ ትሰማላችሁ፣ እንዳትደናገጡ። ወንድሜ ሥራ እየጨረሰ ነው።”

የኋላ ወንበሩን ለማስመለስ ሦስቱን ጎልማሶች ማስነሳት ነበረባቸው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ራሱ ሄዶ “ይቅርታ፣ የሚሄድ ነው” አላቸው። አንደኛው “ለምዶኝ ነበር” እያለ ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፤ ድምፁ ልክ መሆን ያለበት ባለቤቱ ከሚቀመጥበት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ከጎኗ ሆኖ ካሴቱን አስገባ። ቀጮ ከኋላ፣ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ፣ የአምፕሊፋየሩን ቁልፎች ይዟል። ዓይኗን ጨፈነች። ፈራች። ስድስት ዓመት “ምን ይልሻል?” ብሎ የጠየቃት አንድ ድምፅ ነው፤ ለሌላ ሰው መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ካሴቱ አንሾካሾከ፤ ከበሮ፣ ጊታር፣ ከዚያ ቀጭን የጎረምሳ ድምፅ መጣ። ሦስት ሰዎች። ቀጮ ዉፈሩን ከፈተው። ሥር ሥሩን የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ እንደ ጭጋግ፣ መያዣ የሌለው።

“ጨምሬያለሁ፣ እትዬ። አሁንስ?”

“ጨመርክ እንጂ አልመጣም።”

“አሁንስ?”

“ተወው፣ አትጨምር።” ግንባሯን ቋጠረች። “የፊቶቹ ስፒከሮች ወዲህ ሲጎትቱ ይሄኛው ወዲያ ይጎትታል። ፊቱና ገበሩ ተገልብጦ እንደተሰፋ ነው።”

ቀጮ ከኋላ ጎንበስ ብሎ አየና በለሆሳስ፣ “ሽቦዎቹን አገላብጫቸዋለሁ” አለ። “ፕላሱን ማይነሱ ላይ። እኔ እኮ አልሰማሁትም።” ሁለቱን ሽቦዎች ነቅሎ አቀያየራቸው።

ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠንጥኖ እንደገና ተነሳ። ከበሮ መጣ፣ ጊታር መጣ። ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት አራተኛው ሰው ገባ። አልጮኸም። በሩን ከፍቶ፣ ቦታውን አግኝቶ እንደተቀመጠ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ እስከዚያ ቆመው ይጠብቁት የነበረ ይመስል ዘፈኑ እግሩን ዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን አልገለጠችም። “ጠርዙ ይተረተራል። ከኋላ፣ ከታች።” ቀጮ የሚንቀጠቀጠው ታርጋው መሆኑን አገኘ፤ ከወደቁት ቁርጥራጮች አንድ የሱፍ ጨርቅ አጥፎ ከሥሩ ሰካበት። “አሁን ሰፍቷል። ትንሽ ያዘው። ትንሽ። በቃ።”

“በቃ?”

“ልኩ ነው።”

ዓይኗን ስትገልጥ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ የግራ እጁ ጣቶች የሌለ ጊታር ላይ ይሄዳሉ።

“እኔ ነኝ፤” አለ ለማንም ሳይሆን። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹ ቆሙ። “እዚህ ጋ ቸኩዬ ነበር። ሰሙት? ቀድሜያቸው ገባሁ። ያን ቀን ሦስቱም አብጠለጠሉኝ። ‘ማን ይሰማዋል’ አልኳቸው።” እየሳቀ ነበር፤ ጉንጩ ግን ርሷል። “እውነትም ማንም አልሰማው።”

“እኔ ሰማሁት፤” አለች።

እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጡ። ሲያልቅ ቀጮ ኮፈኑን ዘጋው፤ የበሮቹን ታፒሴሪያ ገጥሞ የመጨረሻውን ብሎን አሰረ። እርሳስ ፈልጎ የወረቀቱን ሦስት መስመሮች ሊሰርዝ ሄደ። ሁለቱን ሰረዘ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እርሳሱን ለእሷ ዘረጋላት። እሷ ወረቀቱን ሳትሰርዝ ከመስታወቱ አላቀቀችውና አጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችው።

የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ሊሰናበት ሲል ምን እንደሚል ጠፋው። “እግዜር ያጥናዎት” አለ እንደ ሰው ሁሉ። ከዚያ ጨመረ፤ “ለልጆቼ ላሰማቸው ነው የምሄደው። በቀጥታ።”

ለቀስተኛው ከግቢው ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀለት። አመድማዋ መኪና በዝግታ ወጣች፤ ሰውዬው ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀምሮታል። ልብስ ሰፊዋ እስከ ውጭው በር ሸኘችውና የበሩን ብረት ይዛ ቆመች። መኪናዋ መንገዱን ይዛ ወረደች፣ ከዳቦ ቤቱ ጋ ታጠፈች፣ ከዓይን ተሰወረች። መጀመሪያ ዘፋኙ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጊታሩ፣ ከዚያ ከበሮው።

“ሄዱ እኮ፤” አለች እታለም ከኋላዋ። “በይ በሩን ዝጊና ግቢ። ሰው ተቀምጧል።”

ቀጮም ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። የሚሰማ ነገር የለም፤ የመንገዱ ጫጫታ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሳትዞር፣ አራተኛውን እያዳመጠች፣ አንድ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። እታለም ዝም አለች። ቀጮ ባለበት ቆመ። ከቤት ሊወጡ የነበሩ ሁለት ሴቶችም ነገሩ ሳይገባቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጣቷ ቀስ እያለ ታጠፈ፣ መዳፏ ውስጥ ገባ፤ በሩን ዘጋችው።